አምፕሊፋየሩን ከመሰካትዎ በፊት፦ የሆም ቴአትር ገመዶች አገጣጠም

ዘመድ ከውጭ ይዟቸው ከሚመጣ ዕቃዎች አንዱ የሆም ቴአትር ሪሲቨር ነው። ሪሲቨር ሲባል ብዙዎቻችን የሚመጣልን የዲሹ ነው። እዚህ የምናወራው ግን ድምፅና ምስል ተቀብሎ ምስሉን ለቴሌቪዥን፣ ድምፁን ለስፒከሮች ስለሚያከፋፍለው ከባድ ሳጥን ነው። እንዳያምታታን አምፕሊፋየር እንበለው።

ከሁሉም በፊት መብራቱን እንይ። የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት፣ የአሜሪካ 120 ቮልት ነው። በአምፕሊፋየሩ ጀርባ «100-240» ወይም «220-240» ተጽፎ ካዩ ችግር የለም። «120» ብቻ ካለ ግን በቀጥታ ከሰኩት ይቃጠላል። የስልክ ቻርጀር ሁለቱንም ስለሚችል ይህም የሚችል የሚመስለው ሰው ጥቂት አይደለም። እንዲህ ላለው ዕቃ ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ የትራንስፎርመሩ ዋት ደግሞ በአምፕሊፋየሩ ጀርባ ከተጻፈው መብለጥ አለበት። ትንሹ ዋጋው ይረክሳል፣ ግን ይግላል።

አሁን መሰኪያውን ከሶኬት ነቅለው ስፒከሮቹን ያገናኙ። 5.1 የሚባለው አምስት ስፒከርና አንድ ሰብውፈር ነው፦ ከፊት ግራ፣ ቀኝና መሐል፣ ከኋላ ሁለት። የገመዱን ጫፍ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ይላጡና መዳቡን አጥብቀው ይጠምዝዙት። ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር ይግባ። አንዱ ስፒከር ቢገለበጥ አይቃጠልም፤ ድምፁ ግን ይሳሳል፣ ቤዙም ይጠፋል። የሚያስፈራው ሌላ ነው፤ ከተላጠው መዳብ አንዲት ቀጭን ክር አምልጣ ጎረቤቷን ከነካች ሾርት ታደርጋለች። አምፕሊፋየሩ በርቶ ወዲያው በራሱ ከጠፋ ደጋግመው አያብሩት፤ ነቅለው ይህችን ክር ይፈልጉ። ሰብውፈሩ የራሱ መሰኪያ ያለው ከሆነ፣ «ሰብውፈር» ከሚለው ቀዳዳ በአንድ ገመድ ብቻ ይገናኛል።

ወደ ኤችዲኤምአይ ስንመጣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አቅጣጫውን ነው። «ኢን» መግቢያ፣ «አውት» መውጫ ነው። ከዲሹ ሪሲቨር የሚመጣው ገመድ አምፕሊፋየሩ ላይ «ኢን» ውስጥ ይገባል። ከአምፕሊፋየሩ «አውት» የሚነሳው ደግሞ ወደ ቴሌቪዥኑ ይሄዳል፤ እዚያ ግን የትኛውም ቀዳዳ አይሆንም። «ኤአርሲ» የሚል የተጻፈበትን ይምረጡ። ይህ በ2009 እ.ኤ.አ. የመጣ አሠራር ሲሆን፣ ቴሌቪዥኑ ላይ በቀጥታ የሚከፍቱት የዩቲዩብ ድምፅ በዚያው ገመድ ወደ አምፕሊፋየሩ እንዲመለስ ያደርጋል። ሰክተውም ዝም ካለ በቴሌቪዥኑ ሴቲንግ ውስጥ የድምፅ መውጫውን ከራሱ ስፒከር ወደ ውጭ መሣሪያ ይቀይሩ። ከሁለቱ በአንዱ ሴቲንግ «ሲኢሲ» ተዘግቶ ከሆነም ይክፈቱት።

ቴሌቪዥንዎ ኤአርሲ ከሌለው የኦፕቲካል ገመድ ይሠራል፤ ምስል አይወስድም፣ ድምፅ ብቻ ነው። ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ ማውለቅ እንዳይረሱ፤ በዚህች ብቻ ገመዱ ተበላሽቷል ተብሎ ሌላ ተገዝቶ ያውቃል።

የቆየ ዲሽ ሪሲቨር ያለው ሦስቱን ባለቀለም ገመዶች ነው የሚጠቀመው። ቢጫው ምስል፣ ቀዩ የቀኝ፣ ነጩ የግራ ድምፅ ነው። ብዙ አምፕሊፋየር የቢጫውን ምስል ወደ ኤችዲኤምአይ አይለውጥም፤ ስለዚህ ቢጫውን በቀጥታ ቴሌቪዥኑ ላይ፣ ቀዩንና ነጩን አምፕሊፋየሩ ላይ መሰካት ይቀላል።

ሁሉም ተገናኝቶ ከመካ የሚተላለፈውን ተራዊሕ ሲከፍቱ ድምፁ ከፊት ሁለት ስፒከሮች ብቻ ቢወጣ ገመድ አይንቀሉ። ብዙ የሳተላይት ጣቢያዎች የሚያሰራጩት በስቴሪዮ ነው። በአምፕሊፋየሩ ሪሞት ላይ «ሰራውንድ» የሚለውን ሲጫኑ የቀሩት ስፒከሮችም ይከፈታሉ።