ሰሜን ወደ ደቡብ በተገለበጠ ጊዜ፦ የአዋሽ ደለል ምስክርነት

በአፋር የአዋሽ ሸለቆ፣ ሌዲ ገራሩ ውስጥ ቦኮል ዶራ በተባለ ቦታ ከደለል ሥር የወጡ የድንጋይ መሣሪያዎች አሉ። ዕድሜያቸው ከ2.58 ሚሊዮን ዓመት እንደሚበልጥ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። የተጠረበ ድንጋይ ግን መቼ እንደተጠረበ ራሱ አይናገርም። ዕድሜውን የሰጠው የቀበረው አፈር ነው። በዚያ አካባቢ ደለል ውስጥ ኮምፓስ ቢኖር ኖሮ ወደ ደቡብ ያመለክት የነበረበት ዘመን የጀመረበት ድንበር ይገኛል፤ መሣሪያዎቹም ከዚያ ድንበር በፊት የተቀበሩ ናቸው።

ኢትዮጵያ የሰው ዘር መገኛ ናት ስንል በዓይነ ሕሊናችን የሚመጣው አጥንቱ ነው። አጥንቱን ያቀፈው የደለል ንጣፍ ግን ከአጥንቱ ያልተናነሰ ቅርስ ነው። ከንጣፉ የተነጠለ ቅሪተ አካል አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜውን ያጣል።

የምድር መግነጢስ መገለባበጥ እንዴት ታወቀ?

እ.ኤ.አ. በ1906 በርናርድ ብሩን የተባለ ፈረንሳዊ የፊዚክስ ሊቅ በአገሩ የእሳተ ገሞራ አለቶችንና ቅልጥ አለት ፈስሶበት የተጠበሰ ሸክላማ አፈርን መረመረ። ሁለቱም የያዙት መግነጢሳዊ አቅጣጫ ከዛሬው ተቃራኒ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1929 ጃፓናዊው ሞቶኖሪ ማቱያማ የተገለበጡት አለቶች ከዕድሜ ጋር የተያያዘ ሥርዓት እንዳላቸው አሳየ። ይህን ብዙዎች ለዓመታት አልተቀበሉትም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሜሪካውያኑ አለን ኮክስ፣ ሪቻርድ ዶልና ብሬንት ዳልሪምፕል የቅልጥ አለቶችን ዕድሜ በፖታሲየምና በአርገን ልኬት እያረጋገጡ የመገለባበጡን የዘመን ሰሌዳ ሲያወጡ ክርክሩ እልባት አገኘ።

የምድር መግነጢሳዊ መስክ የሚመነጨው ከእግራችን በታች 2,900 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ከሚጀምረው የቀለጠ ብረት እንቅስቃሴ ነው። እንቅስቃሴው ሲዛባ መስኩ ይዳከማል፤ በሺዎች በሚቆጠሩ ዓመታት ውስጥም ዋልታዎቹ ቦታ ይለዋወጣሉ። ለዚህ የተወሰነ ቀጠሮ የለውም። የመጨረሻው መገልበጥ የሆነው ከ770 ሺህ ዓመታት በላይ ቀደም ብሎ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለንበት ዘመን በብሩን ስም ይጠራል። ከእሱ በፊት እስከ 2.58 ሚሊዮን ዓመት ድረስ ያለው፣ በአብዛኛው የተገለበጠው ዘመን የማቱያማ ነው። ከዚያ ወደኋላ እስከ 3.6 ሚሊዮን ዓመት የጋውስ፣ ከእሱም በፊት የጊልበርት ዘመን ይከተላል። በእያንዳንዱ ውስጥ ደግሞ አጫጭር መገለባበጦች አሉ።

ጭቃው ምን ይመዘግባል?

ጎርፍ ከደጋ ጠርጎ ያመጣው ደለል ሐይቅ ውስጥ ወይም ወንዝ ዳር ሲያርፍ ማግኔታይት የሚባል የብረት ማዕድን ደቃቅ ቅንጣቶችን ይዞ ነው። ጭቃው ሳይጠጥር ቅንጣቶቹ በጊዜው በነበረው መስክ አቅጣጫ ይዞራሉ፤ ሲጠጥርም እንደዞሩ ይቀራሉ። ቅልጥ አለት የበረደበትን አጭር ጊዜ ብቻ ሲይዝ፣ ደለል እንደ ባሕር መዝገብ ተራውን ጠብቆ ይጽፋል።

ንባቡ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ተመራማሪው ናሙናውን ከመቁረጡ በፊት አቅጣጫውንና ዘንበልታውን በጥንቃቄ ምልክት ያደርጋል። ቤተ ሙከራ ውስጥ ናሙናው በየደረጃው እየሞቀ ወይም በተለዋዋጭ መግነጢስ እየተፈተነ ዘግይቶ የተደረበው አሻራ ይጸዳል። ዛሬ ያለው መስክ በአሮጌው ላይ የራሱን ምልክት ስለሚያሳርፍ ይህ ካልተደረገ የተገለበጠው ሁሉ ያልተገለበጠ መስሎ ሊታይ ይችላል። ማግኔታይት መግነጢሱን ሙሉ በሙሉ የሚለቀው 580 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው። የአፋር ምድር ለምድር ወገብ የቀረበ በመሆኑ የመስኩ ወደ ታች ማዘንበል ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ፍርዱ በዋናነት የሚያርፈው ናሙናው ወደ ሰሜን ወይስ ወደ ደቡብ ያመለክታል በሚለው ላይ ነው።

የድንቅነሽ ዕድሜ ክርክር

ደለሉ የሚሰጠው መልስ ሁለት ብቻ ነው፤ ሰሜን ወይም ደቡብ። ከብዙዎቹ የደቡብ ዘመናት ይህኛው የትኛው ነው የሚለውን ለመለየት ሌላ ምስክር ያስፈልጋል። የዚህን ክብደት ያሳየው በአፋር የሚገኘው የሐዳር ታሪክ ነው። ድንቅነሽ የተባለችው ቅሪተ አካል ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. እዚያ ከተገኘች በኋላ ዕድሜዋ ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል አከራከረ። ከእሷ በታች ባለው የሐዳር ባዛልት ላይ የተደረገው የመጀመሪያ ልኬት ወደ 3 ሚሊዮን ዓመት ሲያመለክት፣ በኋላ የመጣው ወደ 3.6 ሚሊዮን ከፍ አደረገው። ባዛልቱ የተገለበጠ መስክ ይዟል። ጥያቄው ይህ መገለበጥ የጊልበርት ዘመን ነው ወይስ በጋውስ ውስጥ ያለው፣ ማሞዝ የሚባለው አጭር መገለበጥ ነው የሚል ነበር።

መልሱ የመጣው ከእሳተ ገሞራ አመድ ነው። አንድ አንድ ክሪስታል እየለዩ በአርገን የመለካት ዘዴ ሲዳብር፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ከድንቅነሽ በታች ያለው አመድ 3.18 ሚሊዮን ዓመት እንደሆነው ተገለጸ። የተገለበጠው ንጣፍም የማሞዝ ሆኖ ቦታውን ያዘ። ዛሬ ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ናት ስንል ሁለት ምስክሮች ተስማምተው ያጸኑትን ቃል እየተናገርን ነው። በአፋር በምትገኘው ጎናም ስለሺ ሰማውና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ይፋ ያደረጓቸው የድንጋይ መሣሪያዎች ከ2.5 እስከ 2.6 ሚሊዮን ዓመት የተባሉት አመድና መግነጢስ ተጣምረው ነው።

ለአዲስ አበባ ቅርብ የሆነውን መልካ ቁንጥሬን እንውሰድ። ጋርባ አራት በተባለው ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1981 የሕፃን መንጋጋ ተገኝቶ ነበር። ከአራት አሥርት ዓመታት በኋላ የደለሉ መግነጢስ እንደገና ሲመረመር፣ በማቱያማ ዘመን ውስጥ ያለውና ከ1.95 ሚሊዮን ዓመት በፊት የጀመረው የኦልዱቫይ ዘመን ንጣፍ ተለየ። በዚህም ሆሞ ኢሬክተስ የተባለው የጥንት ሰው ዝርያ የሆነው መንጋጋ ወደ 2 ሚሊዮን ዓመት እንደሚጠጋ እ.ኤ.አ. በ2023 ተገለጸ። ሆሞ ኢሬክተስ ከባሕር ጠለል 2,000 ሜትር ገደማ ከፍ ባለ ደጋ ላይ ቀድሞ መኖሩን ያረጋገጠው አዲስ የተቆፈረ አጥንት ሳይሆን በቦታው የቆየው ደለል ነው።

ስለ መገልበጥ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ሕይወት ይጠፋል ወይ ብሎ ነው። የአዋሽ ደለል ለዚህም መልስ አለው። ከ3.8 እስከ 2.9 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ የኖረው የድንቅነሽ ዝርያ ቢያንስ አምስት መገለባበጦችን አልፏል።

ምን እናድርግ?

የታችኛው አዋሽና የታችኛው ኦሞ ሸለቆዎች እ.ኤ.አ. በ1980፣ መልካ ቁንጥሬና ባልጪት በ2024 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ምዝገባው ክብር ነው፤ ጥበቃው ግን በየገደሉ የተጋለጠውን ንጣፍ ካላካተተ ጎዶሎ ነው። መንገድ፣ መስኖ ወይም የጠጠር ማውጫ ከመታቀዱ በፊት የደለሉ ቅደም ተከተል ተለክቶ፣ ናሙናው ተወስዶ፣ ስፍራው በካርታ ላይ ሊሰፍር ይገባል። የአፋር አርብቶ አደሮች ምድሩን ከማንም በላይ ያውቁታልና የጥበቃው ባለቤቶች እንጂ ተመልካቾች መሆን የለባቸውም። በዩኒቨርሲቲዎቻችንም አጥንት የሚያጠና ወጣት የምናፈራውን ያህል ደለል የሚያነብ ወጣት እናፍራ። የመልካ ቁንጥሬ መንጋጋ ዕድሜ የታረመው ንጣፉ ባለበት ስለተገኘ ነው። ዛሬ የማናውቀው የልኬት ዘዴ ነገ ሲመጣም የሚለካው ነገር የሚያገኘው ንጣፉን ሳንነካ ካቆየንለት ብቻ ነው።