የተዘጋውን በር አንኳኩ

በኮሌራ ወቅት ረዳት የሌላቸውን ሰዎች ለበጎ ፈቃደኞች ስለመጠቆም



ካኩማ ኮሌራን ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2017 ወደ መጠለያ ጣቢያችን ገብቶ ነበር። እጅ ስለመታጠብና ውሃ ስለማከም ብዙ ሰምታችኋል። ዛሬ የማጫውታችሁ በሽታው ሲገባ ቶሎ ስለሚረሱት ጎረቤቶቻችን ነው። የምጀምረውም ከራሴ ጥፋት ነው።

በ2017ቱ ወረርሽኝ አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ብቻውን ወደ ክሊኒክ መጣ። ተቅማጥ ይዞታል፤ ግን ይጠጣል፣ ዓይኑም አልጎደጎደም። ኦ አር ኤስ ሰጥቼ፣ አበጣጠሱን አሳይቼ ወደ ቤቱ ላክሁት። ሰልፉ ረጅም ስለነበር «ቤት ውስጥ ማን አለ?» ብዬ አልጠየቅሁትም።

በማግስቱ ጎረቤቶች አያቱን በእጅ ጋሪ ጭነው አመጧቸው። እማማ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስቀምጣቸውና ሲያስመልሳቸው አድሯል። ልጁ ለእርሱ የሰጠሁትን ኦ አር ኤስ ለእርሳቸው ሲያጠጣ አምሽቶ፣ ውሃው ሲያልቅበት በጨለማ ወደ ቧንቧ መሄድ ፈርቶ አጠገባቸው ተቀምጦ ነጋ። የብሎኩ በጎ ፈቃደኛም ከቀትር በኋላ በዚያ አልፋ ነበር፤ በሩን ዝግ ብታየው ሰው የለም ብላ ሄደች። እማማ በደም ሥር ፈሳሽ ተሰጥቷቸው ተረፉ። ከዚያ ወዲህ ግን ያቺን ጥያቄ ሳልጠይቅ በሽተኛ አላሰናብትም።

ማንን እንጠቁም?

ኃይለኛ ኮሌራ ሕክምና ካላገኘ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ አደጋው የሚከፋው ውሃ የሚያቀብለውና ሰው የሚጠራለት በሌለው ላይ ነው። በተለይ እነዚህን አስቡ፦

- ብቻቸውን ወይም ከትንሽ ልጅ ጋር የሚኖሩ አረጋውያን
- ነፍሰ ጡሮችና አራስ እናቶች
- ያለ ወላጅ የሚኖሩ ልጆች
- ቧንቧና መጸዳጃ ቤት በራሳቸው መድረስ የማይችሉ አካል ጉዳተኞች
- የስኳር፣ የቲቢ ወይም የኤች አይ ቪ መድኃኒት በየቀኑ የሚወስዱ
- የጎረቤቱን ቋንቋ የማያውቁ አዲስ ገቢዎች

ቡና ሲጠራ የማይቀር ሰው ሁለት ቀን ከቀረ፣ «ምን ሆኖ ነው?» በሉና በሩን አንኳኩ።

እንዴት እንጠቁም?

1. መጀመሪያ ሰውየውን አስፈቅዱ። «ውሃ የሚቀዳልዎት ሰው እንዲመጣ ልንገርልዎት?» ማለት ይበቃል።

2. ለጤና በጎ ፈቃደኛው ወይም ለብሎክ መሪው ንገሩ። ስም፣ ብሎክና የቤት ቁጥር፣ የሚናገረውን ቋንቋ፣ አብሮት የሚኖረውን ሰው አስታውቁ።

3. የሚያስፈልገውን ለይታችሁ ተናገሩ። «እርዷቸው» ብቻ ከተባለ ማንም ምን ይዞ እንደሚሄድ አያውቅም። ውሃ መቅዳት ነው? ራሽን ማምጣት? ከክሊኒክ መድኃኒት መቀበል? ልጅ መጠበቅ?

4. ምስጢር ጠብቁ። የሰው በሽታ በቧንቧ ሰልፍ ላይ አይወራም። ምስጢሩ የወጣበት ሰው ሁለተኛ በሩን አይከፍትላችሁም።

5. በማግስቱ ተመልሳችሁ ጠይቁ። ወረቀት ተጽፎ ሰው ካልደረሰ፣ ሥራው ገና አልተሠራም።

መጠቆም የማይበቃበት ጊዜ

ሰገራው እንደ ሩዝ ውሃ እየሆነ ደጋግሞ ካስቀመጠው፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ሽንቱ ከጠፋ ወይም ከተዝለፈለፈ፣ በጎ ፈቃደኛ አትጠብቁ። ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ጣቢያ ውሰዱት። መዋጥ የሚችል ከሆነ በመንገድ ላይ ኦ አር ኤስ በትንሽ በትንሹ እያጠጣችሁ ሂዱ። ጡት የሚጠባ ሕፃን መጥባቱን አያቋርጥ።

ለበጎ ፈቃደኞች

የተዘጋ በር ባዶ ቤት ነው ብላችሁ አትለፉ። ጥሩ፣ ጎረቤትንም ጠይቁ። ኦ አር ኤስ ስትሰጡ ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን የውሃ መጠን አሳዩ፤ ለአንድ ሊትር የተዘጋጀውን በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡ፣ ከ24 ሰዓት በላይ የቆየውን ድፉ። በሽተኛ ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። የማትችሉትን ቃል አትግቡ፤ «እጠይቅልዎታለሁ» ብላችሁ መልሱን ይዛችሁ ተመለሱ።

ይህ አገልግሎት በነፃ ነው። ለመጻፍም ሆነ ለማድረስ ገንዘብ ወይም ሌላ ውለታ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠማችሁ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ለሚመለከተው ክፍል አመልክቱ።

ውድ አንባቢያን፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ አባቶቻችን። ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት በብሎካችሁ ውስጥ ሌሊት ቢታመም ሰው የማይሰማለት ማን እንደሆነ አስቡ። ነገ ጠዋት ውሃ ልትቀዱ ስትወጡ በዚያ ቤት በኩል እለፉ።

ቸር ይግጠመን።