የሲራራ ነጋዴ ዘር እንዴት ይቆጠራል?

ገበሬው እስከ ሰባት ቤት ዘሩን አሳምሮ ይቆጥራል። በድሮው ሥርዓት ርስት ለመጠየቅ ዘር መቁጠር ግድ ነበርና። የሲራራ ነጋዴው ነገር ግን ለየት ይላል።

እንደሚታወቀው ሰቆጣ ከአፋር ረባዳ ምድር በግመልና በበቅሎ ተጭኖ የሚመጣ አሞሌ ጨው የሚሸጥባት ትልቅ ገበያ ነበረች። አሞሌ ያን ጊዜ እንደ ገንዘብም ያገለግል ነበር። ጨው ጫኙ አንዱ አገር ተወልዶ ሌላው አገር ሊያገባ፣ መንገድ ላይም ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ዘሩን የሚፈልግ ሰው ቤቱን ብቻ ሳይሆን መንገዱን ይከተል፤ ገበያውንና ማደሪያውን ሁሉ ይጠይቅ።

ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ የሟቹን የክርስትና ስም ይያዝ። በፍትሐትና በተዝካር የሚጠራው እሱ ስለሆነ፣ በዓለም ስሙ ብቻ ቢጠይቅ ካህኑ ላያውቁት ይችላሉ። አዛውንቶችንም «በስንት ዓመተ ምሕረት?» ከማለት «ጣሊያን በ1928 ሳይገባ ነው ወይስ ከገባ በኋላ?» ቢላቸው ቶሎ ይመልሱለታል።

የ1977ቱ ድርቅ ብዙ የዋግ ሰው ገድሏል፤ የተረፈውንም እስከ ሩቅ ሠፈራ በትኗል። ወሬውም አብሮ ተበትኗል። እጩ መምህራን ሆይ፣ ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ ደብተራችንን ይዘን አዛውንቶቹን እንጠይቅ። ነገ ላናገኛቸው እንችላለን።