የታደሰ ካርቡራተር መልሶ ሲገጠም፦ በአሮጌ ፒክአፕ ላይ ስህተት የሚፈጠረው የት ነው?

እንደ ዑረይጃ ባሉ የሪያድ ሰፈሮች አሮጌ ፒክአፕ፣ በአካባቢው አጠራር ዋኔት፣ ዛሬም ለብዙዎች የዕለት እንጀራ ነው። አዳዲሶቹ ሞዴሎች ነዳጅ የሚያገኙት በኤሌክትሮኒክ መርጫ ሲሆን፣ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩትና 22አር ሞተር የተገጠመላቸው የቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፖች ግን ነዳጅና አየር የሚደባልቁት በካርቡራተር ነው። ካርቡራተሩ ሲያረጅ ይፈታል፣ ይታጠባል፣ ማሸጊያዎቹም ይቀየራሉ። ሆኖም ታድሶ ተገጠመ የተባለው መኪና በሳምንቱ ከቀድሞው የባሰ ነዳጅ ሲበላ ወይም ጥቁር ጭስ ሲተፋ ይታያል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ከእጥበቱ ይልቅ በአገጣጠሙ ላይ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት አሠራሩን ማወቅ ይረዳል። ወደ ሞተሩ የሚሳበው አየር በካርቡራተሩ ጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ግፊቱ ይቀንሳል። ጣሊያናዊው የፊዚክስ ሊቅ ጆቫኒ ባቲስታ ቬንቱሪ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያጠናው ይህ ክስተት ነው፤ ጉሮሮውም በስሙ ቬንቱሪ ይባላል። የግፊቱ መቀነስ ከጎን ባለው ትንሽ የነዳጅ ቋት ውስጥ ያለውን ቤንዚን በቀጫጭን ቀዳዳዎች ይስበዋል። 1 ኪሎ ግራም ቤንዚን ሙሉ በሙሉ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ያስፈልገዋል። ይህን ሚዛን የሚጠብቁት የቀዳዳዎቹ ስፋት፣ በቋቱ ውስጥ ያለው የነዳጅ ከፍታና የማሸጊያዎቹ ጥብቀት ናቸው። የጥቂት ሚሊሜትር ስህተት ሚዛኑን ለማዛባት ይበቃል።

ገጣሚው በመጀመሪያ አዲሱን ማሸጊያ ከአሮጌው ጋር ማስተያየት አለበት። በአገራችን ጋራዦች ጓርኒሲዮን የምንለውን የሳዑዲ መካኒኮች ወጅህ ይሉታል፤ ካንዴላን ደግሞ በዋጂ። መለዋወጫ ሲገዙ እነዚህን ቃላት ማወቅ ይጠቅማል። ተመሳሳይ የሚመስሉ ሁለት ማሸጊያዎች አንዲት ቀዳዳ ሊያጎድሉ ይችላሉ፤ የተደፈነችው ቀዳዳ የሚኒሞው የነዳጅ መንገድ ከሆነች መኪናው እግር ከነዳጅ መስጫው ላይ በተነሳ ቁጥር ይጠፋል። ማሸጊያው ላይ ሲልከን መለጠፍ በብዙዎች የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ቤንዚን ተራውን ሲልከን ያላላዋል፣ ቁርጥራጩም ተጉዞ ቀዳዳ ይደፍናል።

የናስ ቀዳዳዎቹ ሲመለሱ የመጀመሪያው ጉሮሮና የሁለተኛው ጉሮሮ እንዳይለዋወጡ በላያቸው ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ማንበብ ይገባል። በነዳጅ መስጫ ፓምፑ መንገድ ላይ የምትቀመጠው ትንሽ የብረት ኳስም በጠረጴዛ ላይ ተረስታ የምትቀር ዕቃ ናት። እርሷ ከሌለች መኪናው ከቆመበት ሲነሳ ይንገጫገጫል።

ከሁሉ የበለጠ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ግን ተንሳፋፊው ነው። ተንሳፋፊው ነዳጅ በቋቱ ውስጥ ከፍ ሲል አብሮ ከፍ ብሎ በመርፌ መሰል ቫልቭ መግቢያውን ይዘጋል። ከመገጠሙ በፊት ተነቅንቆ ውስጡ ፈሳሽ እንደሌለ መረጋገጥ አለበት፤ በሙቅ ውሃ ውስጥ ሲነከር አረፋ ካወጣ ተሰንጥቋል ማለት ነው። ከዚያ ክዳኑ ተገልብጦ በተንሳፋፊውና በክዳኑ መካከል ያለው ርቀት ለዚያው ሞዴል በተሰጠው ልክ ይለካል። የሚስተካከለውም ትንሿን የብረት ምላስ በጥንቃቄ በማጠፍ ነው፤ ተንሳፋፊውን በእጅ ተጭኖ ማጠፍ መርፌዋን ያበላሻል። ከፍታው ከመጠን ካለፈ ቤንዚን ሳይለካ ወደ ጉሮሮው ይፈስሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ያልተቃጠለው ነዳጅ የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት አጥቦ ወደ ሞተር ዘይት ይወርዳል። ከፍታው ካነሰ ደግሞ መኪናው በሜዳ ላይ ደህና ሄዶ፣ ከመካ መንገድ ወደ ሪያድ ሲመለስ የጡወይቅን አቀበት ሲይዝ ይደክማል። በብዙ የቶዮታና የኒሳን ካርቡራተሮች ጎን ላይ ትንሽ መስታወት አለች፤ ሞተሩ ሲሠራ ነዳጁ በመስታወቷ መካከል አካባቢ መታየት ይኖርበታል። ይህችን መስታወት ጠርጎ ማየት ምንም ወጪ የለውም፤ የሚያያት ግን ጥቂት ሰው ነው።

ካርቡራተሩ በሞተሩ ላይ ሲቀመጥ ከሥሩ ያለው ወፍራም ሙቀት መከላከያ መመለስ አለበት። የሪያድ የበጋ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሚሆንበት ጊዜ ይህ ክፍል ከተጣለ የጋለው ሞተር የቋቱን ቤንዚን ያፈላዋል፤ መኪናውም ነዳጅ ማደያ ደርሶ ከጠፋ በኋላ አልነሳ ይላል። ብሎኖቹ በተቃራኒ ማዕዘን እየተፈራረቁ ቀስ በቀስ ይጠብቃሉ። ኃይል የበዛበት ማጥበቅ የካርቡራተሩን እግር ያጣምምና አየር ያስገባል። በዚህ ጊዜ ሚኒሞው ከፍ ዝቅ ይላል፣ አንዳንድ ባለሙያም የድብልቁን ብሎን አዙሮ ድምፁን ያስተካክላል። ይህ በሽታውን መሸፈን ነው። በእግሩ ዙሪያ በመርጫ ጥቂት ውሃ ሲረጭ የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ አየር የሚገባበት ቦታ ተገኘ ማለት ነው።

የሞተሩን አፍ ለመሸፈን የተጠቀሙበት ጨርቅ መውጣቱ ይረጋገጥ። ወደ ውስጥ የወደቀ ዳዶ ፒስቶን ይሰብራል።

ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት አንድ ሰው የነዳጅ መስጫውን እስከ ታች ረግጦ እንዲለቅ፣ ሌላው ደግሞ መመለሻ ሞላው የነዳጅ በሩን ያለ ምንም መያዝ ሙሉ በሙሉ መዝጋቱን እንዲመለከት ያስፈልጋል። ገመዱ የሚይዝ ወይም ሞላው በተሳሳተ ቀዳዳ የተንጠለጠለ መኪና በፈጣን መንገድ ላይ ነዳጅ እንደተሰጠው ይቀራል፤ ይህ ከሚባክነው ቤንዚን እጅግ የከፋ ነው።

ቀጥሎ ያለው አደጋ እሳት ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ተን ይሰጣል። በመሆኑም የነዳጅ ቱቦው በማጥበቂያ ቀለበት በደንብ መታሰር፣ ማጥፊያ ሲሊንደርም በአጠገብ መኖር አለበት። ቋቱ ባዶ ስለሆነ በክዳን ቤንዚን ወደ ጉሮሮው ማፍሰስ ከአገር ቤት የመጣ ልማድ ነው፤ ሞተሩ ወደ ላይ ካስነጠሰ እጅና ፊት ይቃጠላል። ሞተሩን ለአጭር ጊዜ ደጋግሞ ማዞር ቋቱን ይሞላዋል፤ የአየር ማጣሪያውም ቤት በቦታው መሆን አለበት።

የድብልቁ ብሎን ማስተካከያ የሚጀመረው በቀስታ እስኪነካ ዘግቶ ከ2 እስከ 2 ተኩል ዙር በመክፈት ነው፤ ትክክለኛው ቦታ ግን የሚገኘው ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ነው። 22አር ሞተር በሚኒሞ የሚዞረው በደቂቃ 700 ጊዜ አካባቢ ነው። ሪያድ ከባሕር ወለል 600 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ ሙያውን የተማረ መካኒክ የለመደው ልክ እዚህ አይሠራም፤ የሪያድ አየር ወፈር ያለ በመሆኑ ተጨማሪ ነዳጅ ይፈልጋል። በአንጻሩ በሪያድ የተስተካከለ ፒክአፕ ጭነት ይዞ እንደ አዲስ አበባ ከፍታ ወዳላት አብሃ ሲወጣ ነዳጁ ይበዛበታል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። ይህ ብልሽት ስላልሆነ ለአንድ ጉዞ ሲባል ካርቡራተሩን መፍታት አያስፈልግም።

ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ጉዞ በኋላ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብሎኖቹን እንደገና መፈተሽ፣ አንድ ካንዴላ ፈትቶም ቀለሙን ማየት ያስፈልጋል። ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ድብልቁ ደህና ነው። ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ግን ለወቅታዊው የተሽከርካሪ ምርመራ፣ ለፈሕስ፣ ከመቅረቡ በፊት ክዳኑ ተከፍቶ ተንሳፋፊው እንደገና ሊለካ ይገባል።