ቸኮሌትና ጠብታ ውሃ፦ ተረትና እውነታ

«ከወፈረ ትንሽ ውሃ ጠብ አድርጊበት» የሚለው ምክር ለወጥ ይሠራል፤ ቸኮሌትን ግን ያበላሻል። በጎጃም፣ ግንደወይንም ሆነ ሞጣ፣ ለገና ዳቦ ቆሎውን ወይም ብስኩቱን በቀለጠ ቸኮሌት ላስጊጥ ያለ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ይህንን ነው።

ቸኮሌት ማለት በካካዎ ስብ ውስጥ የተበተነ የስኳርና የካካዎ ብናኝ ነው። ጥቂት ውሃ ሲገባበት ብናኙ ረጥቦ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ፈሳሽ የነበረው ባንዴ ደረቅ ጭብጦ ይሆናል። ለዚህ ያልደረቀ ማንኪያ ይበቃል፤ ከክዳን የሚንጠባጠብ እንፋሎትም ያው ነው፤ ስለዚህ ቸኮሌት ሲቀልጥ አይከደንም። «ማር ጨምሩበት፣ ያብረቀርቃል» የሚባለውም ከዚሁ ይመደባል። ጎጃም በማሩ ቢኮራ ይገባዋል፤ ግን የማር አንድ አምስተኛው ገደማ ውሃ ስለሆነ ቸኮሌቱን ያወፍረዋል እንጂ አያቀጥነውም። ለጋ ቅቤም ውሃ አለው። ማቅጠን ካስፈለገ ጠረን የሌለው የምግብ ዘይት በሻይ ማንኪያ ይበቃል።

ጭብጦ የሆነው ግን አይጣልም። የሚያጠፋው ጥቂት ውሃ ነው፤ ብዙው ያድነዋል። ለ100 ግራም ቸኮሌት ቢያንስ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሙቅ ውሃ ጨምሮ ማማሰል ነው። ሲበርድ አይጠነክርም፤ በተቆረሰ ድፎ ዳቦ ላይ ለማፍሰስ ግን ግሩም ነው።

«በከፍታ ቦታ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ቸኮሌት አያርም» የሚሉም አሉ። መነሻው ልክ ነው፤ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቸኮሌት ግን 34 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ ከ50 ብዙ ካለፈ ይበላሻል። ውሃውን አፍልቶ ከከሰሉ ማውረድ፣ ከዚያ ደረቅ ጎድጓዳ ሳህን በድስቱ አፍ ላይ፣ ውሃውን ሳይነካ ማስቀመጥ ይሻላል። ሲሶውን ሳያቀልጡ ማስቀረትና መጨረሻ ላይ ከትፎ እየጨመሩ ማማሰል ደግሞ ቸኮሌቱን ወደ 31 ዲግሪ ያወርደዋል፤ ሲረጋ የሚያብረቀርቀውና ሲሰበር ቀጭ የሚለው ያኔ ነው። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ከንፈሩን በማስነካት ይለካዋል፤ ትንሽ ቀዝቀዝ ካለው ደርሷል። በገና ዋዜማ ጾም ላይ ያለች ሠሪ ግን የወተት ቸኮሌት ከንፈሯን አታስነካም፤ የቢላዋ ጫፍ ነክሮ ማቆየት ይሆናታል። በአምስት ደቂቃ አካባቢ ከረጋ ጥሩ ነው።

«ፍሪጅ ከሌለ አይረጋም» የሚለውን የታኅሣሥ ብርድ ያስተባብለዋል። ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ያለው ክፍል ከፍሪጅ ይመረጣል፤ ፍሪጅ ውስጥ የቆየ ቸኮሌት ሲወጣ እርጥበት ይይዛል፤ ስኳሩም ሟሙቶ ሲደርቅ ነጭ ሆኖ ይወጣበታል። ሱቅ ውስጥ ሙቀት ያገኘው ላይ የሚታየው ግራጫ ሽፋን ደግሞ ወደ ላይ የወጣ ስብ ነው። ብዙ ሰው ሻግቷል ብሎ ይጥለዋል፤ ያሳዝናል፣ ምክንያቱም ይበላል፣ እንደገና ሲቀልጥም ይስተካከላል።

በጾም ወራት ደግሞ ሁለት ስህተት ይሰማል። አንዱ «የካካዎ ቅቤ ያስፈስካል» የሚለው ነው፤ እሱ ግን ከፍሬው የሚወጣ ስብ ነው፤ ከላም አይደለም፣ አያስፈስክም። «ጥቁር ቸኮሌት ሁሉ የጾም ነው» የሚለውም አያስኬድም፤ አንዳንዱ የወተት ስብ ወይም የወተት ዱቄት ስላለበት ከመግዛት በፊት በመጠቅለያው ጀርባ ያለውን ማንበብ ያስፈልጋል።