ነጭ መሬት ሁሉ ጨው አይደለም

ጄሶን የማያውቅ ቤተሰብ የለም። ልጅ ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ሲሰበር ሐኪሙ የሚያስርለት ጄሶ ነው። አዲስ ቤት ሲሠራ ኮርኒሱንና ግድግዳውን የሚያሳምረውም እሱ ነው። አብዛኞቻችን ግን ጄሶ በከረጢት ታሽጎ የሚመጣ ዱቄት ነው እንላለን እንጂ፣ ከብት የሚሰማራበትና ሰው የሚኖርበት መሬት ይሆናል ብለን አናስብም። ይሆናል። በአገራችን ደረቅ ቆላዎች ጄሶ የበዛበት አፈር ሰፊ ቦታ ይዟል።

ጉዳዩን ለዚህ ዓምድ የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ የመርሳ ሰው ነኝ። ከሀብሩና ከወልድያ ልጆቻችን እንጀራ ፍለጋ ወደ ቆላ ይወርዳሉ። አንዱ ሰመራ ይቀጠራል፤ ሌላዋ ጎዴ ወይም ቀብሪ ደሃር በነርስነት ወይም በመምህርነት ትመደባለች። እዚያው ይወልዳሉ፣ እዚያው ጎጆ ይቀልሳሉ። ውሃው መረረን፣ የልጁ ሆድ አልረጋ አለ የሚል ስልክ ሲመጣ ከዘመድ ሁሉ የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፤ «አፍልታችሁ ስጡት።» ምክሩ እውነት አለው፤ ግን ግማሽ ነው። ቀሪውን ለመረዳት ከአፈሩ መጀመር ያስፈልጋል።

የእኛ አፈር አብዛኛው እሳተ ገሞራ ከተፋው ጥቁር ድንጋይ የተፈጨ ነው። ማሽላውንም፣ ጤፉንም፣ የመርሳን ብርቱካንና ማንጎም የሚያበቅለው እሱ ነው። በልግና ክረምት የሚጥለው ዝናብ ደግሞ በውሃ የሚሟሙትን ነገሮች እያጠበ ወደ ታች ይወስዳቸዋል። ከእኛ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው ውሃ ወደ አፋር ነው የሚሄደው። አዋሽም ቢሆን ባሕር አይደርስም፤ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። መውጫ የሌለው ውሃ በፀሐይ ሲተን የያዘውን ሁሉ ትቶ ይሄዳል።

ይህን በማንቆርቆሪያችን እናየዋለን። ውሃ ደጋግመን ስናፈላ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል። በምድር ላይም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ ተራ መኖሩ ነው። ውሃው እየተነነ ሲሄድ መጀመሪያ የሚቀረው ኖራ ነው፣ ቀጥሎ ጄሶ፣ በመጨረሻ ጨው። ለዚህ ነው አባቶቻችን አሞሌ ያስመጡበት የነበረው የዳናክል ጨው ሜዳ ዳር ዳሩን ጄሶ የከበበው። በጥንት ዘመን የቀይ ባሕር ውሃ ወደዚያ ገብቶ፣ ኋላ መንገዱ ተቆርጦ ደርቆ ነው የቀረው። በሶማሌ ክልልም በዋቢ ሸበሌ አካባቢና በቀብሪ ደሃር በኩል እጅግ ወፍራም የጄሶ ድንጋይ አለ። ዓባይ በረሃን ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን ያቋረጠ ሰውም በጄሶ ንብርብር ላይ አልፏል።

ጄሶ ካልሲየም፣ ሰልፌትና ውሃ የተቆራኙበት ማዕድን ነው። ደረቅ ድንጋይ ቢመስልም ከ100 ኪሎው ወደ 21 ኪሎ የሚጠጋው ውሃ ነው። ድንጋዩ ሲጠበስ ይህ ውሃ በከፊል ይወጣና ዱቄት ይሆናል። ዱቄቱ መልሶ ውሃ ሲያገኝ ይጠነክራል። ልጁ ጄሶ ሲታሰርለት «ሞቀኝ» የሚለውም በዚያን ጊዜ ሙቀት ስለሚወጣ ነው።

አፈር ውስጥ ያለው ጄሶ ጥሩም መጥፎም ጎን አለው። በ1990 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ስለዚህ አፈር አያያዝ ራሱን የቻለ መጽሐፍ አሳትሟል። ከመቶ እስከ 2 እጅ የሚደርስ ጄሶ ሰብልን ይጠቅማል፤ ከ25 እጅ ሲያልፍ ግን ምርቱ በጣም ይወርዳል። ሶዲየም በዝቶበት የደደረና ውሃ አላስገባ ያለ የመስኖ መሬት እንኳ የሚታከመው ጄሶ ተጨምሮበት ነው፤ ካልሲየሙ ሶዲየሙን ያስለቅቀዋል። በጄሶ የተሞላ መሬት ግን ውሃ የመያዝ አቅሙ ትንሽ ነው፤ ፎስፈረስና ሌላው የተክል ምግብም ያንሰዋል። አንዳንድ ቦታ ከሥሩ እንደ ሲሚንቶ የደረቀ ንጣፍ ስላለ የተክል ሥር አልፎ መውረድ አይችልም።

ታዲያ ግጦሹ እንዴት ይቆያል? የዚህ ዓይነቱ መሬት ላይኛው ገጽ ስስ ቅርፊት አለው። በቅርፊቱ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋንና ድንጋይ ላይ እንደምናየው ሽበት ያለ ነገር ይኖራሉ። አፈሩን በነፋስ እንዳይወሰድ አያይዘው የያዙት እነሱ ናቸው። ብዙ ከብት አንድ የውሃ ጉድጓድ ዙሪያ ለረጅም ጊዜ ሲረግጠው ቅርፊቱ ይደቅቃል፤ መልሶ ለመሥራትም ዓመታት ይፈጅበታል። አርብቶ አደሩ ከቦታ ቦታ መዘዋወሩን ሥራ እንደማጣት የሚቆጥሩ ሰዎች አሉ። አፋሮች በዳጉ ወሬ ተለዋውጠው፣ የት እንደዘነበና የት ሣር እንዳለ አረጋግጠው የሚንቀሳቀሱት ግን በከንቱ አይደለም። እንዲህ ያለ መሬት የሚያርፈው ከብቱ ሲነሣለት ነው።

ቤት ለሚሠራ ልጅም የሚነገር አለ። አንድ ሊትር ውሃ ወደ 2 ግራም ተኩል ጄሶ ያሟሟል። ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን የተሰበረ ቧንቧ ወይም የጣሪያ ውሃ አንድ ቦታ እየፈሰሰ ዓመት ከዓመት ሲያሟሟው መሬቱ ውስጥ ለውስጥ ይቦረቦራል፣ መሠረቱም ይሰምጣል። ሰልፌቱ ደግሞ ተራውን የሲሚንቶ ሥራ ይበላል። ስለዚህ ውሃን ከመሠረት ማራቅ፣ ኩሬም ሆነ ቦይ ሳይለበጥ አለመተው፣ ለመሠረቱም ሰልፌትን የሚቋቋም ሲሚንቶ ስለመጠቀም መሐንዲስ ማማከር ይገባል።

ነጩ ነገር ምን እንደሆነ ከልጆች ጋር በቤት መሞከር ይቻላል፤ ብቻ ማንም እንዳይቀምሰው። ጥቂቱን በብርጭቆ ውሃ ስታማስሉት ወዲያው ከጠፋ ጨው ሊሆን ይችላል። ካልጠፋ አቼቶ ጠብ አድርጉበት፤ አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት። ሳያረፋ ከቀረና ድንጋዩን በጥፍር መጫር ከተቻለ ጄሶ መሆኑን ጠርጥሩ። ቁርጡን የሚናገረው ግን የላቦራቶሪ ምርመራ ነው።

አሁን ወደ ሕፃኑ ውሃ እንምጣ። ማፍላት ጀርሞችን ይገድላል፤ ስለዚህ መቅረት የለበትም። ከጄሶ የመጣውን ሰልፌት ግን አያስወጣም። እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይበልጥ ይከማቻል። ሳሙና ሲታጠቡበት አረፋ እምቢ የሚል፣ ከፈላም በኋላ እምቢታው የማይለቅ ውሃ የዚህ ምልክት ነው። ሰልፌት በሊትር ከ250 ሚሊግራም ሲያልፍ ጣዕሙ መታወቅ ይጀምራል፤ ከ1,000 ሲያልፍ ያልለመደን ሰው፣ በተለይ ሕፃንን፣ ሊያስቀምጥ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ500 በላይ ሲሆን ለጤና ኃላፊዎች እንዲነገር ይመክራል። ነገሩ የሩቅ ቆላ ብቻም አይደለም፤ የመቀሌ የጉድጓድ ውሃ ከባድነትም አንዱ ምክንያት ከሥሩ ያለው ጄሶ ነው።

ለልጆቻችን የምንመክረው እንግዲህ ይህ ነው። ሕፃኑ 6 ወር እስኪሞላው የእናት ጡት ብቻ ይጥባ፤ ውሃ አያስፈልገውም። ከዚያ በኋላ ለእሱ የሚሆነውን ውሃ ከሌላው ለይታችሁ ያዙ። በንጹሕ ዕቃ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ከመራራው ጉድጓድ ይሻላል፤ እሱንም አፍልታችሁ ስጡት። የሶማሌ ቤተሰቦችም በሲሚንቶ የተለበጠ ብርካ ቆፍረው ዝናብ ያጠራቅማሉ። ተቅማጥ ከያዘው «ውሃው ነው» ብላችሁ አትቀመጡ፤ ኦአርኤስ እየሰጣችሁ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የጉድጓዱ ውሃ እንዲመረመርም ለወረዳው የውሃ ጽሕፈት ቤት አመልክቱ። ቤት ከመከራየታችሁ በፊት ደግሞ የአገሩን ሽማግሌ ጠይቁ፤ የትኛው ጉድጓድ ለከብት ብቻ እንደሚቀዳና የትኛውን ከብቱም እንደሚሸሸው ያውቃል።