ድንኳን ከመትከል በፊት ካምፑን ከሰማይ ማየት

ስለ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ካምፖች የሚጠይቅ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው መልስ ሦስት ስምና ሦስት ቁጥር ነው፤ ሳንቃ በር 3,250 ሜትር፣ ጊጭ 3,600 ሜትር፣ ጨነቅ 3,620 ሜትር። መልሱ ትክክል ነው። ድንኳኑ የሚያርፈው ሜዳ ላይ ይሁን ተዳፋት ላይ፣ ነፋስ የሚከልል ዛፍ ይኑር አይኑር፣ ገደሉ ምን ያህል እንደሚቀርብ፣ ለውሃ የት እንደሚወረድ ግን አይናገርም። ይህን ሁሉ አዲስ አበባ ወይም ቨርጂኒያ ቁጭ ብሎ፣ ሳንቲም ሳያወጡ መመልከት ይቻላል። መሣሪያው በየስልካችን ያለው የሳተላይት ካርታ ነው፤ አብዛኞቻችን የራሳችንን ቤት ጣሪያ ፈልገን ካገኘን በኋላ የዘጋነው።

ጉግል ኧርዝ የተጠነሰሰው ጉግል ቤት አይደለም። ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2001 የተቋቋመው ኪሆል የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን፣ ጉግል በ2004 ገዛውና በሰኔ 2005 አዲሱን ስም አውጥቶ ለሕዝብ ለቀቀው። በዓመት 399 ዶላር ይከፈልበት የነበረው የኮምፒውተሩ ፕሮግራም፣ ጉግል ኧርዝ ፕሮ፣ ከ2015 ጀምሮ ነጻ ሆኗል። ካምፕ ለማጥናት የምመክረውም እሱን ነው። በስልክ ላይ ያለው ፈጣን ነው፤ ርቀት መለካት፣ የመንገድን ዳገትና ቁልቁለት በግራፍ ማየት፣ የድሮ ምስሎችን እያገላበጡ ማነጻጸር የሚመቸው ግን በኮምፒውተሩ ነው።

ምስሉ ሁሉ ከአንድ ቦታ አይመጣም። አሜሪካ ውስጥ የምናየው አብዛኛው ከአውሮፕላን የተነሳ ነው፤ የኢትዮጵያ ገጠር ግን በብዛት የሳተላይት ነው። ሳተላይት ሁሉም እኩል አያይም። እ.ኤ.አ. በ2014 የመጠቀችው ወርልድቪው 3 የምታነሳው ምስል አንዱ ነጥብ መሬት ላይ 31 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ የሁለት ሰው ድንኳን ጥቂት ነጥቦች ይዞ ይታያል። የአውሮፓዎቹ ሴንቲኔል 2 ሳተላይቶች ነጥባቸው 10 ሜትር ስለሆነ ድንኳን አያሳዩም፤ ነገር ግን በየአምስት ቀኑ ገደማ ስለሚመለሱ ወንዙ ሞልቶ እንደሆነ፣ ሣሩ ደርቆ እንደሆነ ይነግሩናል። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ከቻይና ያስወነጨፈቻት የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ 1ም ነጥቧ 13 ሜትር ከግማሽ በላይ ነበር፤ የተሠራችው ለእርሻና ለአየር ንብረት እንጂ ለድንኳን ፈላጊ አይደለም።

አሁን ወደ ሰሜን ተራሮች እንመለስ። ካርታው ሲከፈት ዓይን የሚስበው ከፍ ያለውን ሜዳ በሰሜን በኩል እየተጠማዘዘ የሚከተለው ጥቁር መቀነት ነው። ጫካ ይመስላል፤ አንዳንዱም ሐይቅ ነው ይላል። የገደሉ ጥላ ነው። እነዚህ ሳተላይቶች በአንድ ቦታ ላይ የሚያልፉት ሁልጊዜ በተቀራራቢ ሰዓት፣ ብዙዎቹ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ክረምቱን ደመና ስለሚሸፍነው፣ ጥርት ያለ ምስል የሚገኘው በአብዛኛው በበጋ፣ ከኅዳር በኋላ ነው። በዚያ ወቅት በዚያ ሰዓት ፀሐይዋ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ስለሆነች፣ ወደ ሰሜን የሚቆረጠው ግንብ ጥላውን ከሥሩ ባለው ቆላ ላይ ይጥላል። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ግድግዳ፣ ከላይ ወደ ታች ስለሚታይ፣ ራሱ ከቀጭን መስመር አይበልጥም። የገደሉን ጥልቀት የሚናገረው ጥላው ነው።

ጥላው ሌላም ጣጣ አለው። ዓይናችን ብርሃን ከላይ እንደሚመጣ አድርጎ መገመት ለምዷል። በሰሜን ተራሮች ምስል ላይ ግን ብርሃኑ ከግርጌ፣ ከደቡብ በኩል ነው የሚመጣው። በዚህ ምክንያት ሸለቆው ጉብ ብሎ፣ ተራራው ጎድጉዶ የሚታያቸው ብዙ ናቸው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ደቡብ ወደ ላይ እስኪሆን ድረስ ካርታውን ማዞር። ሸንተረሩ ወዲያው ይነሣል፣ ገደሉም ቦታውን ይይዛል።

በጎን እያዩ ተራራውን ማንሳት የሚያስችለው ባለ ሦስት አውታር እይታ ለዓይን ያምራል፤ እኔ ግን ገደል አጠገብ አላምነውም። ፎቶው የሚነጠፍበት የከፍታ መረጃ በብዙ የዓለም ክፍል መነሻው ኢንዴቨር የተባለችው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ለ11 ቀናት በራዳር የሰበሰበችው ሲሆን፣ መለኪያዎቹ 30 ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ለሜዳ ይበቃል። ቀጥ ባለ ግድግዳ ላይ ግን ምስሉ እንደ ቀለጠ ሻማ ወደ ታች ይፈስሳል፤ እውነተኛው ጫፍና በስክሪን ላይ የሚታየው ጫፍ ብዙ ሜትር ሊለያዩ ይችላሉ።

ከፍታ ሲባል፣ ከሳንቃ በር ወደ ጊጭ የሚሄድ ሰው ሁለቱን ቁጥሮች ቀንሶ «350 ሜትር ዳገት ብቻ» እንዳይል። በመካከል የጅንባር ወንዝ አለ፤ መንገዱ ወደ እሱ ወርዶ እንደገና ይወጣል። የካርታው ማስመሪያ ደግሞ የሚለካው አግድም ርቀትን ነው። በእግር መንገዱ ላይ መስመር አስምሮ የከፍታውን ግራፍ ማውጣት የበቅሎ ጭነትንም፣ የመነሻ ሰዓትንም ያስተካክላል።

ቀለም ራሱ ወሬ ነጋሪ ነው። ጠቆር ያለው አረንጓዴ ዝንጥልጥል አስታ ነው፤ ከነፋስ ይከልላል። ገርጣ ያለው ሰፊ ሜዳ ጓሳና ጅብራ የሚበቅልበት ነው፤ ጭላዳ የሚሰማራበት፣ ነፋስ ግን የማይቆምበት። በደረቅ ወር ምስል ላይ ብቻውን አረንጓዴ ሆኖ የቀረ ቀጭን መስመር ውሃ ነው። ውሃ ቅርብ መሆኑ ደስ ይላል፤ ሌሊት ግን ቀዝቃዛ አየር ወደዚያው ጎድጓዳ ይወርዳል፤ በታኅሣሥና በጥር በዚህ ከፍታ ውርጭ ይጥላል። ድንኳኑን ከውሃው ትንሽ ከፍ አድርጎ መትከል ይሻላል።

የድሮ ምስሎችን የሚያገላብጠውን ቁልፍ ችላ አይበሉት። የጊጭ መንደር ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል፤ ዩኔስኮም በቀጣዩ ዓመት ፓርኩን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ አውጥቶታል። ስለዚህ በአሮጌ ምስል ላይ ጎጆዎችን አይቶ እዚያ ሰው አገኛለሁ ብሎ የሚሄድ ሰው ባዶ ሜዳ ይጠብቀዋል። ከአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ከ60 ዓመት በፊት 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የነበረው ሐይቅ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል። በወረቀት ካርታ ደረቅ መሬት የሆነው ቦታ አሁን ውሃ ነው።

ዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖር አንባቢ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። የሼነንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ፣ 169 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው ስካይላይን ድራይቭ ዳር ቤተሰብ የሚያድርባቸው አራት ካምፖች አሉት፤ ትልቁ ሎፍት ማውንቴን፣ ትንሹ 30 ቦታ ብቻ ያለው ሉዊስ ማውንቴን ነው። እዚያ ገደሉ አያሳስብም፤ ጥያቄው የትኛው ቁጥር ይያዝ የሚለው ነው። መንገዱ ቀለበት እየሠራ ስለሚዞር፣ ከቀለበቱ ውጭ ያለ ቦታ ጀርባውን ለጫካ ይሰጣል፤ ከውስጥ ያለው በጎረቤት ድንኳኖች ይከበባል። የመጸዳጃ ቤቱን ጣሪያ ፈልጎ ርቀቱን መለካት፣ በተለይ ልጆች ላሉት ሰው፣ ከማንኛውም መግለጫ ይበልጣል። ችግሩ ካርታው ላይ ከሚገባው የአውሮፕላን ምስል ከፊሉን የሚያነሱት የአሜሪካ እርሻ ሚኒስቴር አውሮፕላኖች ሥራቸው ሰብልና ቅጠል በለመለመበት ወቅት ስለሆነ፣ በበጋቸው ምስል የሚታየው የዛፍ አናት ብቻ ነው። በቀድሞ ምስሎች ውስጥ ቅጠል የረገፈበትን፣ የመጋቢትን ወይም የታኅሣሥን፣ ፈልጎ መክፈት ነው፤ ያኔ ድንጋዩም፣ ተዳፋቱም፣ የእግር መንገዱም ይገለጣል። ጥላ መኖሩን ለማወቅ ግን ወደ በጋው መመለስ ያስፈልጋል።

ሽታ፣ ጭስ፣ የጎረቤት ጄነሬተር ጩኸት በምስል አይታዩም። ፀጥታም አይታይም፤ በተለይ ወደ ሰሜን ጎንደር የሚሄድ ሰው የመንገዱን ሁኔታ እዚያው ካለ ሰውና ከደባርቁ የፓርክ ጽሕፈት ቤት ሳይጠይቅ አይነሣ። አስጎብኚውና መሣሪያ የያዘው ስካውት ምስሉ የማያውቀውን ያውቃሉ፤ በስልክዎ ያዩትን አሳይተው ቢጠይቋቸው መልሳቸው ከተለመደው የሰፋ ይሆናል። አንድ ነገር ከቤት ሳይወጡ ያድርጉ። ጉግል ማፕስ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ሲወርድ የሚያስቀምጠው ተራውን ካርታ ብቻ ነው፤ የሳተላይት ምስሉን አይጨምርም። የመረጡትን ካምፕ፣ መንገዱንና የውሃውን ቦታ ስክሪንሾት አንስተው ይያዙ፤ በተራራው ላይ ኔትወርክ አይታመንም።